በቅቤ የታሸው ጤነኛ እግር

ይህን የምጽፈው ቀኝ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ነው። ወለም ብሎኛል። የእውነት ነው የምላችሁ፤ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ የተቀቀለ ድንች መስሏል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የሚያምነኝ ሰው ጠፋ። ትናንት ለሚስቴ ለዘነበች «ኧረ እግሬን ወለም አለኝ» ብላት ከምትለቅመው ሩዝ ላይ ቀና ሳትል «የትኛው እግርህ?» አለችኝ። ዛሬ ጧት ደግሞ ጎረቤቴ ምናለ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ጠርቼ ብነግረው እሱም «የትኛው እግርህ?» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።

በእኛ መንደር «የትኛው እግርህ?» ጥያቄ አይደለም። በጨዋ አፍ ውሸታም ማለት ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሊቀር «ራሴን አሞኛል» ሲል እናቱ «የትኛው እግርህ?» ትለዋለች። ባለፈው ወረታ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሻጯ «ዛሬ ጧት የተነቀለ ነው» ስትል አንዱ ገዢ «የትኛው እግርሽ?» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውዬውን አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም። እግሬ ግን ከእኔ ቀድሞ ወረታ ገብቶ ነበር። ሰው ለአገሩ ድልድይ ትቶ ያልፋል፣ ዛፍ ተክሎ ያልፋል፤ እኔ ይችን አባባል ነው የተውሁት።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ሳልቀባባ ልንገራችሁ፤ መቀባባቱን ያን ጊዜ በቅቤ ጨርሼዋለሁ።

አምና ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ የሩዝ አረም ላይ ነበርን። ስምንት ቤት ሆነን ወንፈል ገብተናል፤ ዛሬ የእኔን ማሳ ካረማችሁልኝ ነገ የአንተን አርማለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን በተራ እንዞራለን። የእኛ ወንፈል አንዲት ሕግ አለችው። ከመካከላችን የታመመ ካለ፣ ተራው ባይደርስም የእሱ ማሳ ይቀድማል። አረም የታመመ ሰው አይጠብቅምና። አባቶቻችን ያወጧት ደግ ሕግ ናት። ሲያወጧት ግን እኔ እንደምወለድ አላሰቡም።

ያን ሐሙስ ተራው የእትዬ የሺ ነበር። እትዬ የሺ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ማሳ ናት፤ እሷም ርብ ወንዝ ዳር ዝቅ ብላ የተኛች። ርብ ሲሞላ መጀመሪያ የሚገባው እሳቸው ማሳ ነው። ውኃው ሳይቀድም አረሙ ካልወጣ ደግሞ ሩዙ ከአረሙ ጋር ታፍኖ ይቀራል፣ የዓመት እህል አለቀ ማለት ነው። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አላወቅሁም ነበር ብል አሁን ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

ታዲያ ምን ነክቶህ ነው አትሉኝም? አልቅት ነው።

ይኸው ወጣልኝ። አልቅት እፈራለሁ። በፊተኛው ሳምንት ምናለ ማሳ ላይ ስናርም አንዲት አልቅት ባቴ ላይ ተጣብቃ አገኘኋትና ጮኽሁ። ጮኽሁ ስላችሁ፣ እባብ መስሏቸው ሰባት ሰው ከውኃው ወጥቶ ሮጠ። ምናለ ተመልሶ መጣ፣ በሁለት ጣቱ ነቀላትና ዓይኔ ሥር ይዞ «አልቅት እኮ ናት፣ አዞ አይደለችም» አለኝ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሴቶቹ ባዩኝ ቁጥር ባታቸውን እየያዙ ሲስቁ ሰነበቱ። የእትዬ የሺ ማሳ ደግሞ ውኃው ጉልበት ይደርሳል፣ አልቅቱም እንደ ልቡ ነው።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋቢዬ ሞቋል። ምናለ ከበር ላይ ሆኖ «ተነሣ እንጂ፣ እትዬ የሺ ቀድመውን ወርደዋል» አለ። ከጋቢው ሥር «እግሬን ወለም ብሎኛል» የሚል ድምፅ ወጣ። ሙት እላችኋለሁ፣ እኔም እንደ ምናለ ነው የሰማሁት። ግን ምላሴ ብልህ ነበረች። ሆዴን ብትል ዘነበች ፌጦ ታጠጣኛለች። ራሴን ብትል ዳማከሴ ጨምቃ አፍንጫዬ ውስጥ ትጨምራለች። ትኩሳት ብትል ግንባሬን ትዳስሳለች። እግር ግን ተጠቅልሎ የሚተኛ ነገር ነው፣ ማን ያየዋል?

«የትኛው እግርህ?» አለ ምናለ። ያን ጊዜ ገና የእውነት ጥያቄ ነበር።

«ቀኙ።»

«አይ፣ እንግዲህ ይማርህ» ብሎ ሄደ።

አሳቤን ልንገራችሁ። እነሱ ይሄዳሉ፣ እኔ እተኛለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ እያነከስሁ እነሣለሁ። ነገ ሚካኤል ነው፣ ሥራ የለም። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው። ሰኞ እድናለሁ። እንዲህ አሳምሬ አስልቼው ነበር። ውሸት ግን አንዴ ከቤት ከወጣ ወዴት እንደሚሄድ ነግሮ አይወጣም።

መጀመሪያ የሄደው አባ ፈንታ ቤት ነው። ዘነበች ነጠላዋን ደርባ ወጣችና ይዛቸው መጣች። አባ ፈንታ የደብራችን ቄስ ናቸው። የንስሐ አባቴም ናቸው። ወጌሻም ናቸው። እግዚአብሔር ሦስቱን ሥራ ለአንድ ሰው ሲሰጥ እኔን አስቦ መሆን አለበት።

ዘነበች ቅቤ ልታቀልጥ ማጀት ገባች። ቅቤው አንበሳሜ ላለችው እኅቷ ነበር፤ ልትወልድ ደርሳ ስለነበር ለአራስነቷ ያስቀመጠችላት ነው። ጾም ስለሆነ አይበላም፣ ለመድኃኒት ግን ይታሻል። አባ ፈንታ መስቀላቸውን አሳለሙኝና «እስቲ እግርህን» አሉ። በርጩማው ላይ ዘረጋሁላቸው። ዓይናቸውን ማየት ስላቃተኝ የራሴን ጨፈንሁ።

«እዚህ ጋ ያምሃል?»

«እህ፣ ያመኛል።»

«እዚህስ?»

«ኧረ አባ፣ እዚህማ ባሰ።»

«እዚህስ?»

«ኡ፣ እሱን አይንኩብኝ።»

«ይህ እንኳ በርጩማው ነው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ዓይኔን ስገልጥ እያዩኝ ነው። በዚያው ዘነበች ቅቤውን ይዛ ወጣችና እግሬን አየች። «ለምናለ ቀኙ ነው ስትለው አልነበር?» አለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ የዘረጋሁት ግራውን ነው።

«ቀኙ ነበር» አልሁ፣ «ሌሊት ወደ ግራው ዞረ።»

አባ ፈንታ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ይዞራል» አሉ። «ሲብስበት ይዞራል።» ከዚያ ያንን ሁሉ የአራስ ቅቤ ጤነኛ እግሬ ላይ አፍስሰው አሹኝ፣ በጨርቅ ጠቀለሉልኝ፣ ሲወጡም «ሰባት ቀን መሬት እንዳትረግጥ። ካስጨነቀህ ላክብኝ፣ በማናቸውም ሰዓት እመጣለሁ» አሉኝ። ለእግሬ የተናገሩ መሰለኝ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከቤቴ ጓሮ የአረም ዘፈን ተሰማኝ። ጓሮዬ የእኔ ማሳ ነው። በአንድ እግሬ እየነጠርሁ በግድግዳው ስንጥቅ ሳይ ሰባቱም ሰዎች ዝናብ እየወረደባቸው ማሳዬ ውስጥ ጎንበስ ብለዋል። ምናለ ርብ ዳር ወርዶ መታመሜን ሲነግራቸው፣ እትዬ የሺ ናቸው አሉ «የታመመ እያለ የእኔ ሊቀድም ነው? የእሱን እንጨርስለት፣ ልጆች አሉት። የእኔ ሰኞ ይደርሳል» ብለው ሰዉን የመለሱት። ከፊት ሆነው የሚያርሙት እሳቸው ነበሩ።

አፈርሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ያኔውኑ በሩን ከፍቼ «ዋሽቼ ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን ማሳዬ ግማሹ ታርሟል፣ ቅቤው አልቋል፣ ቄስ መጥቶ ሄዷል። በየደቂቃው እውነቱ እየከበደ ሄደ። አባቴ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይል ነበር። ሲለኝ ስለ ቅቤ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጨርሰው ሊጠይቁኝ ገቡ። ሁሉም ረጥበዋል። እያንዳንዳቸው «ይማርህ» ይላሉ፣ እኔም «አሜን» እላለሁ፤ ሰባት አሜን ቆጠርሁ። እትዬ የሺ አጠገቤ ተቀመጡ። እያወሩኝ ጎንበስ አሉና ከቅልጥማቸው ላይ አንዲት የጠገበች አልቅት ነቅለው ወደ ደጅ ወረወሩ። «እንዴት ነው፣ ሕመሙ ያስተኛሃል?» አሉኝ።

«ደኅና ያስተኛኛል፣ እትዬ» አልሁ።

በማግሥቱ ሚካኤል ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ እኔ መሬት አትርገጥ የተባልሁ ሰው ብቻዬን ቀረሁ። ተጋድሜ ጣራ ስቆጥር በስንጥቁ ሳይ የምናለ ላም፣ ያች ትልቋ፣ ትናንት የታረመው ሩዜ ውስጥ ገብታ ጎምለል ጎምለል እያለች ትግጣለች። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ዱላ ይዤ፣ ቦዩን ዘልዬ፣ የተፈታው ጨርቅ ከኋላዬ እየተጎተተ አባረርኋት። በሁለት እግር ነው የምላችሁ፤ ወጣት ሳለሁ እንኳ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ላሟን አጥሩ ጋ አድርሼ ዞር ስል እትዬ የሺ ቆመዋል። ከቅዳሴ ሲመለሱ በጠርሙስ ጠበል ይዘውልኝ መምጣታቸው ነው።

ተያየን። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አሁን እኮ የመጨረሻው ዕድል ነበር።

«ዳንህ?» አሉ።

«ዳንሁ» አልሁ።

እትዬ የሺ ጠርሙሷን አዩ፤ ገና እጃቸው ላይ ናት፣ አልተከፈተችም። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ጠበሉ ሳይደርስ፣ ከመንገድ ላይ ፈወሰህ» አሉና ጭቃው ላይ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባላወራው ደስ ይለኛል። እስኪመሽ ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ቅዳሜ ጧት ደጃፌ ሰው ሞላ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ ሽማግሌ እግሬን ለመሳም ካልጎነበስሁ ብለው ስንት ተለማመጥን። አንዷ ጣራ ገዳም ድረስ በእግሬ ሄጄ ምስጋና እንዳቀርብ መከረችኝ፣ ይኸው እግር አገኘህ እያለች። ምናለ የሚያነክሰውን በሬውን እየጎተተ መጥቶ «ከጠበሉ ተርፎ ከሆነ» አለኝ። ዘነበች ግን ባዶውን የቅቤ ቅል አጥባ በሩ ትይዩ ሰቀለችው። ስገባም ስወጣም እሱን እያየሁ ነው።

ዝናቡም ከዓርብ ጀምሮ አላባራም። እሑድ ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ርብ ሞልቶ ወጥቷል። የእትዬ የሺ ማሳ ላይ ውኃው ተኝቷል፤ ከላይ የሚታየው የአረሙ ጫፍ ብቻ ነው። የሐሙሱ ቀን ቢሠራበት ኖሮ ሩዙ ንጹሕ ሆኖ ውኃውን ይችለው ነበር። መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ የሺ ከኋላ ደርሰው ነጠላዬን ነካ አደረጉኝ። «ና እንሂድ» አሉ። «ማሳውን ውኃ ቢወስደውም ያንተ እግር ተርፎልናል። ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እኔው ቆሜ እመሰክራለሁ።»

በእውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ አልቅት ሁሉ ተሰብስቦ ቢበላኝ ደስ ባለኝ።

ቅዳሴው እንዳበቃ አባ ፈንታን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ አገኘኋቸው። «ይፍቱኝ አባ» ብዬ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ሐሙስ ስዳስስህ ነው ያወቅሁት» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ሰባት ቀን ያልሁህ ለእግርህ መሰለህ? እስክትልክብኝ እየጠበቅሁህ ነበር።» ከዚያ ወደ ርብ በኩል ዞር አሉ። «የማሳው ተራ ወደ አንተ መዞሩን ዓርብ ነው የሰማሁት። ባውቅ ኖሮ ዝም አልልም ነበር። ያ የእኔም ጥፋት ነው።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«ሴትዮዋ ሊመሰክሩ ቆመዋል። ተአምር ከሆነ ለሕዝብ ይነገራል። ካልሆነም ለሕዝብ ይነገራል። አንተ ምረጥ።»

ወጣሁ። እትዬ የሺ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ሾላ ሥር ቆመው «ሳይደርስ፣ ከመንገድ ላይ» የሚለውን ጀምረዋል። «እትዬ፣ ይቆዩኝ» አልሁ። «እግሬን ምንም አልነካውም። ወለምታም ተአምርም የለም። አልቅት ፈርቼ ነው የዋሸሁ።» ይኸው ነው፣ ከዚያ ያለፈ አልተናገርሁም። አራት ቀን ያነቀኝ ነገር ለካስ ይህንኑ ያህል ነበር።

ዝናቡ ብቻ ቅጠሉን ይመታል። ከዚያ ምናለ፣ ከኋላ ሆኖ፣ «የትኛው እግርህ ነበር ግን?» አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ አባ ፈንታ እንኳ ጢማቸውን ይዘው ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ የሺ አልሳቁም። የጠበሉን ጠርሙስ ከደረታቸው ላይ አወረዱ፣ ነጠላቸውን አጣፉና በሰው መካከል አልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንድ ክፉ ቃል ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ወፍ ሳይንጫጫ ማሳቸው ገባሁ። ውኃው ጭን ይደርሳል። በኋላ ወንፈሉም መጣ፤ ማንም አላናገረኝም። ከወንዙ የራቀውን ግማሹን አዳንነው፣ ግማሹ ቀረ። ሦስት አልቅት ያዘኝ። አልጮኽሁም፤ የመጮኽ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። በአጨዳ ጊዜ ከእኔ ሩዝ በጆንያ ጭኜ ደጃቸው ብወስድ «ወንፈል ቀን በቀን ነው የሚመለሰው። ቀን እንጂ ሩዝ አልወሰድህብኝም» ብለው መለሱኝ። ያንን የተሸከምሁትን ጆንያ ስመልስ መንገዱ እንዴት እንደረዘመብኝ። ከዚያ ወዲህ ለዓመት ያህል የማሳቸውን ቦይ ጠራሁ፣ አጥራቸውን አጠርሁ። እሳቸው ግን ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» ያለፈ ቃል አልሰጡኝም። መንደሩ ሲስቅብኝ እችለዋለሁ፣ ለምጃለሁ። የእሳቸው ዝምታ ነው ያልለመድሁት።

እንግዲህ ዘንድሮም የአረም ጊዜ ደረሰ። ዛሬ ተራው የማን ይመስላችኋል? የእትዬ የሺ። ትናንት ሰው ሳይገባ ቦያቸውን ልክፈት ብዬ ስወርድ ጭቃው ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ረግጬ ይኸው እንዲህ ሆንሁ። በእሳቸው ተራ ዋዜማ። እኔ ራሴ ሌላ ሰው ብሆን አላምነኝም። ስለዚህ ጧት ምናለን እየሳቀ ሲሄድ ከኋላው ጠራሁት። «አትመነኝ፣ ግድ የለም» አልሁት። «ብቻ የእኔን ማሳ እንዳታስቀድሙ። ብሞትም የእሳቸው ይታረም።» እሱም ሳቁን ተወና አየኝ፣ ከዚያ ወደ ርብ ወረደ። የአረም ዘፈኑ ከሩቅ፣ ከርብ ዳር ሲሰማ ጊዜ ነው ዓመት ሙሉ ያልተነፈስሁትን የተነፈስሁት። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ብዕሬን ላስቀምጥ ስል በሩ ተገፋ። ምሳ ሰዓት ነው። እትዬ የሺ ናቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ሳይቀመጡ፣ ሳይስቁ፣ «የትኛው ነው?» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም እንደ ሰዉ ጀመሩ፣ ደግሞም ይገባቸዋል ብዬ አሰብሁ። እንደገና «የትኛው ነው?» አሉ። ቀና ብዬ ሳይ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሁለቱንም እግሮቼን እያዩ ይጠብቃሉ።

«ቀኙ ነው፣ እትዬ» አልኋቸው።